ቀሚስ የለበሰው ወንድ እና አስናቀች

ባለፈው የቁጠባ ስብሰባችን ላይ አንዲት የቡሬ እኅታችን ልጇ በትምህርት ቤት ቴአትር እንድትሠራ ብትመረጥም አባቷ «ልጄ አዝማሪ አትሆንም» ብሎ እንደከለከለ ነገረችን። ቤታችን ሁለት ሆነ። እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቴአትር በአገራችን ሲጀመር ሴት አልነበረችበትም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የአውሬዎችን ኮሜዲያ በ1910ሮቹ አዘጋጁ። ቀጥሎ የእኛው የጎጃም ሰው፣ የደብረ ኤልያሱ የቅኔ ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ቴአትር አሳዩ። ሴት ገጸ ባሕርይ ስትመጣ ግን ቀሚስ የሚለብሰው፣ ሻሽ የሚያስረው ወንድ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ይኸው ልማድ ቀጠለ። እናት ሆኖ የሚያለቅስ ጎረምሳ ሳስብ ሳቄ ይመጣል።

በ1940ዎቹ አጋማሽ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ ወጣች፤ በቴአትር ከቀደሙት ሴቶቻችን አንዷ ናት። በኋላም በ1948 በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት፣ ረጅም ዘመን ተዋናይትም ድምፃዊትም ሆና ሠራች። በመስከረም 2004 ስታርፍ አገር ያወቃት በክራሯ ነበር። ያኔ መድረክ ላይ የቆመች ሴት «አዝማሪ» መባል አይቀርላትም። (የሚገርመው «አዝማሪ»ም «መዝሙር»ም የወጡት ከአንድ የግእዝ ግንድ ነው።)

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገርም በእነሱ አቆጣጠር እስከ 1660 ድረስ የሼክስፒርን ዴዝዴሞና የሚሠሩት ልጅ እግር ወንዶች ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ሴቶቹ መድረኩን ለምደው፣ በዓመት አንድ ምሽት የመግቢያው ገቢ ለተዋናይቱ ይሰጥ ጀመር። ዝነኛዋ ምሽቱን ለብቻዋ ትወስዳለች፤ ትንሽ ሚና ያላቸው ሁለት ሦስት ሆነው ይካፈሉታል። ቲኬቱን ራሳቸው እየዞሩ ይሸጣሉ። ይህን ሳነብ ዕቁብ ትዝ አለኝ። አዳራሹ ባዶ ከሆነ ግን የቤቱን ወጪ ከኪሷ ትከፍላለች፤ የእኛ ዕቁብ ይሻላል።

በደርግ ጊዜ የቀበሌና የአውራጃ ኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ ብዙ ሴቶች ዘፈኑ፣ ቴአትርም ሠሩ። ከማኅበራችን አባላት መካከልም አሉ። ስለዚያ ጊዜ ስትጠይቋቸው «ተይኝ እስቲ» ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የሙሽራ ሚና ተሰጥቶኝ ቃሉን ሸምድጄ ነበር። ልምምድ ላይ እያለን አጎቴ መጥቶ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ማንም ልጁን አልሰጥ ስላለ የክፍሌ ወንድ ልጅ በእናቴ ነጠላ ተሸፍኖ ሙሽራ ሆነ። ነጠላውን ያዋሰችው እናቴ ናት። እኔ ከኋላ ቆሜ አየሁት፤ ሁለት ቦታ ላይ ቃሉ ጠፋበት።

የቡሬዋ እኅታችን ይህን ጽሑፍ ለባለቤቷ አነብለታለሁ ብላለች። ቴአትሩ የሚታየው ለትምህርት መዝጊያ ነው፤ ልጅቱ እስካሁን ልምምዱን አላቋረጠችም።