ጠባቡ ሐዲድና ትንሿ ባቡር

በጎጃም ገጠር «ባቡር» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው እህል የሚፈጨው ሞተር ነው። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ዙሪያ ያለች እናት «ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ» ብትል ጤፏን ልታስፈጭ መሄዷ ነው። ቃሉ እንፋሎት ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የተወለደ ነው። መርከቡንም፣ ወፍጮውንም፣ በሐዲድ የሚሄደውንም በአንድ ስም ጠራንበት፤ ኋላም የሐዲዱን ከባሕሩ ለመለየት «የምድር ባቡር» አልነው። ወደ ምዕራብ ጎጃም ግን ስሙ ብቻ ገባ፤ ባለቤቱ በሌላ አቅጣጫ ቀረ።

የቀረበትን መንገድ እናስታውስ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ውል ሦስት መስመሮችን ያሰበ ነበር፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በካፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የሐረርን ተራራ ሳይወጣ ከግርጌው ቆመና ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ተወለደች። ከገንዘብ እጦትና ከመንግሥታት ሽኩቻ በኋላ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ብቻ ነበር። በብዙው ዓለም የተለመደው ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የእኛው «ጠባብ ሐዲድ» ከሚባሉት ወገን ነው። ጠባብነቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ ለሚወጣ መንገድ፣ ጠባብ ሐዲድ በአጭር ኩርባ ይታጠፋል፤ የሚቆረጠው ገደልና የሚፈሰው ገንዘብም ያንሳል።

ይህን የመሰለውን ጠባብ መስመር በጠረጴዛ ላይ አሳንሶ መሥራት በሌላው ዓለም የከበረ ጥበብ ነው። እንግሊዛዊው ጆን አኸርን «ማደር ቫሊ» ብሎ የሰየመውን የፈጠራ መስመር ሲሠራ ሸለቆውን፣ መንደሩንና ወንዙን ከባቡሩ እኩል አክብሮ ሠራ፤ ሥራውም ዛሬ በፔንደን ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። የኤድንበርጉ ፒ. ዲ. ሃንኮክ ደግሞ ይህንኑ መንፈስ ወደ ጠባብ ሐዲድ ካሸጋገሩት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። የሙያው ብልሃት ቀላል ነው። ሠሪው ለትንሽ ሞዴል የተሠራ ሞተርና ጎማ ይወስድና በላዩ ከፍ ባለ መጠን በእጁ የሠራውን አካል ያስቀምጣል። ያኔ ሐዲዱ ከባቡሩ አንጻር ጠቦ ይታያል። በ1 ለ 87 መጠን የኛ አንድ ሜትር 11.5 ሚሊ ሜትር ግድም ይሆናል፤ ለዚህም 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዝግጁ ሐዲድ አለ።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ በዚሁ መጠን የጅቡቲን መስመር በሙሉ እንሥራ ብለን እናስብ። 784 ኪሎ ሜትሩ 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አዲስ አበባ ከጅቡቲ 26 ሜትር ያህል ከፍ ብላ እንደ ስምንት ፎቅ ቤት ትቆማለች። ይህን የሚችል አዳራሽ የለም። ስለዚህ ሞዴል ሠሪ እንደ ደራሲ መምረጥ አለበት። የአዋሽን ድልድይ ይዞ ሌላውን ይተዋል፤ ወይም የድሬዳዋን ጣቢያና ወርክሾፕ፣ ወይም ለገሃርን። ለሕዝብ ሲያሳይም ሥራውን በሚነጣጠሉ ሰሌዳዎች ተሸክሞ ይመጣል፤ ከመጋረጃ ጀርባ ባቡሮቹን የሚያሳርፍበትና የሚቀያይርበት ስውር ቦታ ያዘጋጃል። ተመልካቹ ባቡሩ ከኮረብታው ኋላ ሲሰወር ጅቡቲ የወረደ ይመስለዋል። ቴአትርም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ከቦታ ምርጫ የሚከብደው የዘመን ምርጫ ነው። ለገሃርን የሚሠራ ሰው የትኛውን ዓመት ሊሠራ ነው? የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ዋዜማ ከጣቢያው ፊት ቆመ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተነቅሎ ሮም ተወሰደ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ተመለሰ። ስለዚህ የ1930 ዓ.ም. ለገሃርን የሚሠራ ሰው አንበሳውን ቢያቆም ዋሽቷል። አንበሳው የሌለበት አደባባይ የወረራው ምስክር ነው። ጣት የምታህል አምሳያም የታሪክ ኃላፊነት አለባት ማለት ነው።

ኃላፊነቱ ከዚህም ይጠልቃል። አሳንሶ መሥራት ያሳምራል፤ ዝገቱ በቀለም፣ ጭሱ በጥጥ ይሠራል። በዚያ በረሃ ሐዲዱን ያነጠፉት ሠራተኞች ላብ፣ መሬታቸው በተቆረሰባቸው አርብቶ አደሮችና በኩባንያው መካከል የፈሰሰው ደም ግን በምን ቀለም ይቀባል? በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። የአዋሽን ድልድይ አሳምሮ የሚሠራ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢሠራ እጁ እንጂ ልቡ አልሠራም። ሞዴሉ ላይ ሐዘንን መሥራት ባይቻልም፣ ከጎኑ በሚቆም ጽሑፍ መናገር ይቻላል።

ጉዳዩ የሚቸኩልም ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በመደበኛ ስፋት የተሠራው አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ተመረቀ። የአሮጌው ሐዲድ ዘመን ተዘግቷል። የቀሩት ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች፣ ከሁሉም በላይ የድሬዳዋ ሠራተኞች ትዝታ፣ ከዓመት ዓመት እየሳሱ ይሄዳሉ። አምሳያ ለመሥራት መለካት ያስፈልጋል፤ ለመለካት ደግሞ ብረቱ ሳይቀልጥ፣ የፉርጎውን ቀለም የሚያስታውሰው ሽማግሌ ሳያርፍ መድረስ ይገባል።

ታዲያ ይህ ለጎጃም ምኑ ነው? በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ወቅት በተነደፈው የአገሪቱ የባቡር መረብ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወልድያ ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ የሚሄድ መስመር ታስቦ ነበር። ከወረቀት አልወረደም። ይሁን እንጂ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና የሚሠሩ ልጆች በፍኖተ ሰላምም ሞልተዋል። ቆርቆሮ፣ ሸምበቆና ትንሽ ሞተር ቢያገኙ፣ ካርታ ተዘርግቶ የአያቶቻቸው አገር ሐዲድ የቱ ጋ ጠቦ የቱ ጋ እንደታጠፈ ቢነገራቸው፣ ሁለት ክንድ በማትሞላ ሰሌዳ ላይ አዋሽን ያሻግሩታል። የሰላም መንገድ ተብላ ለተሰየመችው ከተማ የመጀመሪያዋ ባቡር ምናልባት በእነርሱ እጅ የምትመጣው ትሆናለች።