የነዳጅ ጠብታ በግፊት ሞገድ መቀጣጠል

የነዳጅ ጠብታ በግፊት ሞገድ መቀጣጠል ማለት ከድምፅ የፈጠነ የግፊት ሞገድ በአየር ላይ በተንሳፈፉ የፈሳሽ ነዳጅ ጠብታዎች ላይ ሲያልፍ፣ ያለ ክብሪትና ያለ ካንዴላ እሳት የሚነሣበት ክስተት ነው።

ሞገዱ

በእንግሊዝኛ ሾክ ዌቭ የሚባለው ይህ ሞገድ የነካውን አየር በቅጽበት ያምቀዋል፣ ያሞቀዋልም። ፍጥነቱ በማክ ቁጥር ይለካል፤ ማክ 1 ከድምፅ ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ስያሜው የመጣው በጥይት ፊት የሚፈጠረውን ሞገድ በ1887 እ.ኤ.አ. በፎቶግራፍ ካሳየው ከኦስትሪያዊው ኤርንስት ማክ ነው። 15 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ አየር ውስጥ የማክ 2 ሞገድ ግፊቱን 4.5 እጥፍ፣ ሙቀቱን ወደ 210 ዲግሪ ያደርሳል። የማክ 3 ሞገድ ደግሞ ግፊቱን ከ10 እጥፍ በላይ፣ ሙቀቱን ወደ 500 ዲግሪ ያደርሳል።

የአቀጣጠሉ ደረጃዎች

ፈሳሽ ነዳጅ እንዳለ አይነድም፤ የሚነደው ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተኑ ነው። ስለዚህ ሙቀት ብቻውን አይበቃም።
* ከሞገዱ ኋላ የሚከተለው ነፋስ ጠብታውን ይጨፈልቀዋል።
* የነፋሱ ኃይል ጠብታውን አንድ አድርጎ ከያዘው የገጽ ውጥረት ሲበልጥ፣ ከጠርዙ ደቃቅ ጉም ይገፈፋል።
* ጉሙ ብዙ ገጽ ስላለው ፈጥኖ ይተንና ከትኩሱ አየር ጋር ይቀላቀላል።
* ከአጭር መዘግየት በኋላ ውህዱ ይቀጣጠላል።
ሞገዱ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ አየሩን ዳግመኛ ስለሚያምቀው መቀጣጠሉ ይፋጠናል። ቃጠሎው ከሞገዱ ጋር ተጣምሮ ከገፋው ዲቶኔሽን ይባላል።

የከፍታ ተጽዕኖ

ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በደብረ ታቦር የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያንሳል። የማክ ቁጥሩና የአየሩ ሙቀት አንድ ቢሆኑ እንኳ በሳሳ አየር ጠብታውን የሚሰብረው ኃይል ይቀንሳል፣ መዘግየቱም በአብዛኛው ይረዝማል።

ጥቅምና አደጋ

በናፍጣ ሞተር ውስጥ የተረጨውን ነዳጅ የሚያቀጣጥለው የፒስተን እመቃ እንጂ ይህ ሞገድ አይደለም። በዲቶኔሽን የሚሠራ ሞተር ግን በ2008 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ በሞሃቪ፣ ሰው የያዘ አውሮፕላን አብርሯል። እውቀቱ ለጥንቃቄም ይጠቅማል፤ በበርሜል ውስጥ ሳለ በክብሪት በቀላሉ የማይቀጣጠል ናፍጣ፣ ከቀዳዳ ቱቦ በግፊት ወጥቶ ጉም ሲሆን በቀላሉ እሳት ይይዛልና።