የሳሳው ቅርፊት

ከአሌክሳንድሪያ በስተ ደቡብ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ወዳለው ዳይክ ማርሽ በጸደይ ማለዳ ካሜራ ይዞ የወጣ ሰው ኦስፕሬይ የተባለውን ዓሣ አዳኝ ወፍ ብዙ ጊዜ አያጣውም። ወፉ ከውሃው በላይ ያንዣብብና እግሩን አስቀድሞ ይወረወራል፤ ፎቶ አንሺው የሚጠብቀው ያችን ቅጽበት ነው።

ይህች ቅጽበት ልትቀር ምንም አልቀራት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየማሳውና በየረግረጉ የተረጨው ዲዲቲ በዓሣ በኩል ወደ ወፎቹ ገባ፤ የእንቁላላቸው ቅርፊት ሳስቶ ሲታቀፉት ይሰበር ጀመር። አደጋውን ለሕዝብ የገለጠችው ራቸል ካርሰን የምትኖረው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። «ዝም ያለው ጸደይ» ልንለው የምንችለው መጽሐፏ በ1962 (እ.ኤ.አ.) ታተመ፤ እሷ በ1964 አረፈች፤ አሜሪካ ዲዲቲን ከእርሻ ያገደችው በ1972 ነው። ረግረጉም ቢሆን ኮንግረስ በ1959 እንዲጠበቅ ከወሰነ በኋላ፣ አሸዋና ጠጠር ሲዛቅበት የቆየው እስከዚያው 1972 ድረስ ነበር።

ለእኛ ዲዲቲ ሌላ ትዝታ አለው። ወባ ባለበት ቀበሌ ግድግዳ ላይ ሲረጭ ሕይወት አትርፏል፤ ካርሰንም የተቃወመችው ያለ ልክ መርጨቱን እንጂ በሽታን መከላከሉን አልነበረም። ይሁንና ዲዲቲ ይመረትበት የነበረው አዳሚ ቱሉ ከዝዋይ ሐይቅ ብዙ አይርቅም፤ በሐይቁ ላይ የሚጮኸው ዓሣ በል ንስርም የሚበላው እንደ ኦስፕሬይ ዓሣ ነው። ወደ ዝዋይ ካሜራ ይዘን ስንወርድ፣ ከክንፉ ውበት ሌላ ጎጆው ውስጥ ጫጩት መኖሩንም ማየት አለብን።