ከሶኬት የራቀ ብርሃን፦ ፍላሽ ከስቱዲዮ የወጣበት ታሪክ

ስቱዲዮ ውስጥ ያለ ፍላሽ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ስለሚገናኝ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ የሚጨነቅ የለም። ጭንቀቱ የሚጀምረው ከበር ሲወጣ ነው። ሜዳ ላይ፣ ዋሻ ውስጥ፣ ሐዲድ ዳር ሶኬት የለም። ፎቶ አንሺዎች ከ160 ዓመት በላይ ለዚህ ችግር መፍትሔ ሲፈልጉ ኖረዋል። ፍለጋው ግን የዕቃ ታሪክ ብቻ አይደለም። ጨለማ የሸፈነውን ማን ገለጠው? ለማንስ ጥቅም?

መነሻው ፓሪስ ነው፤ ያውም ከምድር በታች። ናዳር በሚል ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ የከተማዋን የአጽም ዋሻዎችና የፍሳሽ ቦዮች ሊያነሳ ወረደ። ኤሌክትሪክ ገና በየቤቱ አልገባም ነበርና በአሲድ የሚሠሩ የቡንዘን ባትሪዎችን ደርድሮ የአርክ መብራት አበራ። አንድ ፎቶ እስከ 18 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ያን ያህል ሳይነቃነቅ መቆም የሚችል ሰው ስለሌለ በሠራተኞቹ ምትክ ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች ቆሙ። ሥራው ታየ፤ ሠራተኛው ግን አልታየም።

ሁለተኛው መፍትሔ እሳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ጀርመን ውስጥ አዶልፍ ሚተና ዮሐንስ ጌዲከ የማግኒዥየም ዱቄትን ከፖታሺየም ክሎሬት ጋር ቀላቅለው በቅጽበት ቦግ የሚል ዱቄት ሠሩ። የኒው ዮርኩ የፖሊስ ዜና ዘጋቢ ጄከብ ሪስ ይህንን ጋዜጣ ላይ አነበበና ድሆች ተጨናንቀው ወደሚያድሩባቸው ክፍሎች በሌሊት ገባ። ዱቄቱን የሚያቀጣጥለው መጥበሻ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ የገባበትን ቤት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የገዛ ልብሱን በእሳት አያይዟል። እ.ኤ.አ. በ1890 ያሳተመው መጽሐፍ ከተማዋን አስደነገጠ። የያኔው የፖሊስ ኮሚሽነር ቴዎዶር ሩዝቬልትም እ.ኤ.አ. በ1896 ሪስ ሲያወግዛቸው የኖሩትን የፖሊስ ጣቢያ ማደሪያዎች ዘጋ። ይሁንና በብልጭታው ከእንቅልፋቸው የባነኑት ሰዎች ብዙ ጊዜ ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው አልነበረም።

ሦስተኛው መፍትሔ እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት ነው። በ1930ዎቹ የኤምአይቲው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን የኤሌክትሪክ ብልጭታን ለፎቶ ሥራ አበቃው። አሠራሩ ቀላል ነው። ባትሪ ኃይሉን የሚሰጠው ቀስ እያለ ነው። ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ ያንን ኃይል ያጠራቅማል፤ ከዚያም ጋዝ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ባንዴ ይለቀዋል። 600 ጁል ማለት 60 ዋት አምፖል በ10 ሰከንድ የሚበላው ኃይል ነው፤ ብዙ አይደለም። ያው ኃይል በሰከንድ አንድ ሺኛ ውስጥ ከተለቀቀ ግን ለዚያች ቅጽበት 600,000 ዋት ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይኸው ነው።

ይህን ጥበብ ፈጥኖ የፈለገው ግን ጦር ሠራዊት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኤጀርተን ግዙፍ ፍላሾች አውሮፕላን ላይ ተጭነው ጠላት በሌሊት የሚያንቀሳቅሰውን ኃይል ለመሰለል ዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1944 ለኖርማንዲ ዘመቻም አገልግለዋል። በኒው ዮርክ ድሃ የሚያድርበትን ክፍል የገለጠው ብልጭታ አሁን የጦር ሜዳን ገለጠ።

ከጦርነቱ በኋላ አንድ አሜሪካዊ የንግድ ፎቶ አንሺ ለሌላ ዓላማ ተነሳ። ኦ. ዊንስተን ሊንክ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በቨርጂኒያና አካባቢው የኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን ኩባንያን የእንፋሎት ባቡሮች በሌሊት አነሳ። ሐዲዱ ዳር መብራት ስላልነበረ ባትሪና ካፓሲተር ያለው መሣሪያ ራሱ ሠርቶ፣ ሽቦ ዘርግቶ፣ አንዴ ነደው የሚያልቁ አምፖሎችን በአንድ ጊዜ አቀጣጠለ። እ.ኤ.አ. በ1956 ባቡር በመኪና ውስጥ ሆነው ፊልም በሚያዩ ሰዎች አጠገብ ሲያልፍ ባነሳው ዝነኛ ፎቶ ከ40 በላይ አምፖሎች ነደዋል። ባቡሩ እስኪያልፍ ድረስ ያለው ዕድል አንድ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የኩባንያው የእንፋሎት ባቡሮች ሥራ አቆሙ። ያ ዘመን በሌሊት ምን ይመስል እንደነበር የምናውቀው በአብዛኛው በእሱ ጥረት ነው።

ዛሬ ናዳር በአሲድ፣ ሪስ በመጥበሻ፣ ሊንክ በሽቦ ክምር የታገሉለት ኃይል በአንድ እጅ በሚያዝ የሊቲየም ባትሪ ውስጥ ገብቷል። ሠርግ የሚያነሳ ባለሙያ ጄኔሬተር ሳይጎትት ሜዳ ላይ ከቀትር ፀሐይ ጋር ይፎካከራል። የተፈጥሮ ሕግ ግን አልተለወጠም፤ ፍላሹ ከሰውየው ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ማንም ሁሉንም ማብራት አይችልም፤ ይመርጣል።

ምርጫው ነው ዛሬም ከባዱ ሸክም። ናዳር ሠራተኛውን ማሳየት ያልቻለው አቅም ስላጣ ነበር። ዛሬ ያ ሰበብ የለም። የሚታየው ሰው ካልታየ ወይም ሳይጠየቅ ከታየ፣ ጥፋቱን ባትሪው ላይ ማላከክ አይቻልም።