ባቡሯ ያመጣቻቸው ሱቆች

ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ የሰፈራችን አረብ ሱቅ ነበረ። በ1964 ዓ.ም. ባንኮኒው ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ሳንቲሜን ወደ ላይ ዘርግቼ «የአስራ አምስት ስኳር» ስል ከላይ ድምፅ ብቻ ይመልስልኛል፤ «አንተ፣ ላምባስ አላለችህም እናትህ?» የቤታችን ላምባ መቼ እንደሚያልቅ ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቃል። ስኳሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ አንድ ደስታ ከረሜላ ይመርቅልኛል። እኔም ጢሙ የሸበተውን ሰውዬ «አንተ» ነበር የምለው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም።

ይህን ያስታወሰችኝ ቴክሳስ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ናት። በስልኳ ካሜራ ኤች-ኢ-ቢ የሚባል ሱቅ ውስጥ እየዞረች መደርደሪያውን ሁሉ አሳየችኝ። የቴክሳስ ሰው የራሴ የሚለው፣ አብዛኛው አሜሪካ ግን የማያገኘው ሱቅ ነው አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1905 ፍሎረንስ በት የምትባል ሴት ከርቪል ከተማ ከከፈተቻት ትንሽ ግሮሰሪ የተነሳ ነው። (ግሮሰሪ ስላችሁ እኛ ቢራ የምንጠጣበትን እንዳይመስላችሁ።)

ያች ሴት ሱቋን ስትከፍት ድሬዳዋ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ፣ በእኛ 1895 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር፤ ተራራው ግን እምቢ አለ። ሜዳው ላይ ጣቢያ ተሠራ፤ ለጣቢያውም መጀመሪያ አዲስ ሐረር የሚል ስም ወጣለት። ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ከዚራ በቀጥ ያሉ መንገዶቿና በዛፎቿ ጥላ የባቡር ሠራተኛውን፣ ግሪኩንና አርመኑን ያዘች። ከደቻቱ ወዲህ መጋላ ሶማሌውን፣ ኦሮሞውን፣ ሐረሪውን፣ የመናዊውንና ሕንዱን ሰበሰበች።

እንደ ኤች-ኢ-ቢ ያለ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ሱቅ ለአገራችን አዲስ አይደለም። መሐመድ አሊ የተባለው የሕንዶች ኩባንያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐረር ገብቶ፣ ቅርንጫፎቹን እስከ አዲስ አበባ ዘርግቶ ሲነግድ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1937 ጣሊያኖች ንብረቱን ወርሰው አባረሩት።

የእኔ የልጅነት ሱቅ ግን በር ላይ የተጻፈ ስም አልነበረውም። ባለቤቱ ዕቃውን በዱቤ የሚያመጣው መጋላ ካለ ጅምላ ሻጭ ነው፤ ያም ጅቡቲ ካለ ዘመዱ በዱቤ ያስመጣል፤ እናቴም ከታች ሆና በዱቤ ትወስዳለች። የዱቤ ደብተሩ ከቀኝ ወደ ግራ በአረብኛ የተጻፈ ነው። እናቴ አንዲት ፊደል አታነብም፤ ተሳስቷል ብላ ግን አታውቅም። አሜሪካ ውስጥ ደንበኛው ራሱ ከመደርደሪያ እያነሳ የሚከፍልበትን ሱቅ ፒግሊ ዊግሊ ሜምፊስ ላይ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው፤ ባቡራችን አዲስ አበባ ከመድረሷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። እኛ ዘንድ ያኔም፣ ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም፣ የደንበኛ እጅ ባንኮኒ አይሻገርም ነበር።

በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ሲመጣ የሐዲዱ ድልድዮች ፈረሱ። ባቡር ሲቆም የሰፈራችን መደርደሪያ ወዲያው ባዶ ሆነ፤ ሱቁ የባቡሯ ጭራ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ የቀበሌ ሱቅ፣ ኩፖንና የራሽን ስኳር መጣ። ሰልፍ ነበረ፣ ምርቃት አልነበረም። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ሐዲዱ ተጠግኖ ባቡሯ ስትመለስ ግን ራሷ ሱቅ ሆና ተመለሰች። ከጅቡቲ እስከ እኛ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽንሌ እያለች ስትመጣ ሴቶቹ ከወንበር ሥር ሩዝ፣ ቴምር፣ ኒዶ ወተት፣ ከቀሚስ ሥር ደግሞ ጨርቅ ይዘዋል። የጉምሩክ ፖሊሱ ፊናንስ ሲገባ የአንዷ ዕቃ የአምስት ሴት ይሆናል፤ እያንዳንዷ «የኔ ነው፣ ለቤት ነው» ትላለች። ባቡሯ ከተማ ለመግባት ስታዘግም እሽጉ በመስኮት ይወረወራል፤ ውጭ የሚቀበል ልጅ አለ። እኔም ሁለት ሦስቴ ተቀብያለሁ፤ አንዱ እሽግ ፓስታ ነበር፣ ግማሹ ተሰባብሮ ደረሰ፣ ሾርባ አደረግነው። ያ ዕቃ ነው በኋላ ታይዋን ብለን የጠራነውን ገበያ ያደለበው። ሕገወጥ ነው ትሉኛላችሁ፤ ነው። ግን ብዙ የድሬ ልጅ ተምሮ የወጣው በዚያ ንግድ ነው።

አሮጌዋ ባቡር ዛሬ እንደ ድሮው አትመላለስም። አዲሱ ባቡር ከከተማው ውጪ ቆሞ ያልፋል፤ ከመስኮቱም ምንም አይወረወርም።

የእህቴ ልጅ የቴክሳሱ ሱቅ እስከ ሌሊት ክፍት መሆኑን ስትነግረኝ ሳቅሁ። እዚህ ስድስት ሰዓት ሲሆን ፀሐዩ ሁሉን ወደ ቤቱ ይሰደዋል፤ በር ይዘጋል፣ የጫት በርጫ ይያዛል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ክብሪት እንኳ አታገኝም። የዚያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ጠብቄ ሄድኩ። አረቡ ሞቷል፤ የሚሸጠው ከጉራጌ አገር የመጣ ወጣት ነው። ባንኮኒው ያው ነው፣ አሁን ግን ወገቤ ላይ ይደርሳል። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል፣

«አንተ፣ ስኳር አላለቀብህም?» አለኝ።