ፈረምሲሳ፤ የአንድ መጤ አረም ስምና ታሪክ

ገበሬ ለአረም ስም የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ከሚያደርሰው ጉዳት ተነሥቶ ነው። በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን የሚመጠው ጥገኛ ተክል አቀንጭራ የተባለው ሰብሉን ስለሚያቀነጭር ነው። አቀንጭራ ግን የአገር ተወላጅ ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ በየቋንቋው ስም የተሰጠው አረም ሌላ ነው።

ይኸውም በሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም ሂስቴሮፎረስ የሚባለው ነው። የትውልድ ምድሩ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያለው የአሜሪካ አገር ሲሆን፣ ከኑግና ከሱፍ ጋር የአንድ ቤተ ዘመድ ተክል ነው። በለጋነቱ ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል ተሰነጣጥቆ በመሬት ላይ ይዘረጋል፤ በኋላ ግን ቅርንጫፉን እያበዛ እስከ ሰው ቁመት ያድጋል፤ ጥቃቅን ነጫጭ አበባዎችም ይሸፍኑታል። አንዱ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ዘሩም በጎርፍ፣ በከብት ኮቴና በመኪና ጎማ ጭቃ ስለሚጓዝ አረሙ አስቀድሞ የሚታየው በመንገድ ዳር ነው።

ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ በጽሑፍ የተነገረው በ1988 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የታየውም በድሬዳዋና በሐረርጌ ነበር። ስለ አመጣጡ ሁለት ነገር ይባላል። አንደኛው፣ በ1977 እና በ1978 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከጦር መኪናዎች ጋር ገባ የሚል ነው። ሁለተኛው በተለምዶ የሰባ ሰባቱ ረሃብ በሚባለው ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ መጣ ይላል። ጦርነቱ የምሥራቁን ነገር ሊያስረዳ ይችላል፤ በሰሜን ግን አረሙ እርዳታ በታደለባቸው ጣቢያዎች አጠገብ መገኘቱ ሁለተኛውን ወሬ ያጠነክረዋል። በሕንድ አገርም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በፑና ከተማ አጠገብ በታየ ጊዜ ከአሜሪካ ስንዴ ጋር እንደ መጣ ተነግሯል፤ በዚያም የኮንግረስ ሣር ተብሏል።

በአማርኛ ቅንጨ አረም ይሉታል። ሶማሌው ቀሊኞሌ ሲለው ብቻውን የሚኖር ማለቱ ነው፤ ይህም አረሙ በግጦሹ ላይ ሌላ ሣር እንደማያስተርፍ በአጭሩ የሚገልጽ የአርብቶ አደር ስም ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን የሐረርጌ ኦሮሞ ያወጣለት ስም ነው። ፈረምሲሳ ማለት አስፈራሚ ማለት ሲሆን፣ አረሙ የገባበት ገበሬ መሬቱን ፈርሞ ይልቀቅ እንደ ማለት ነው። አቀንጭራ የተባለው ስም ከማሳው የተወሰደ ነው፤ ይህኛው ግን ከጽሕፈት ቤት፣ ከወረቀትና ከቀለም የመጣ ነው። መሬቱን በፊርማ የማጣትን ነገር የማያውቅ ሕዝብ እንዲህ ያለ ስም ባላወጣም ነበር።

ስሙም ከመጠን ያለፈ አይደለም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ሙከራ፣ ወራቱን ሙሉ ሳይታረም የቀረ ማሽላ እስከ 97 በመቶ የሚደርስ ምርቱን አጥቷል። ከዚህም በላይ አረሙ ፓርቴኒን የሚባል መርዝ ስላለው የሚነቅለውን ሰው ቆዳ ያሳክካል፤ ብናኙም አስም ያስነሣል፤ የበላችው ላም ወተት ይመራል።

እንግዲህ አረሙን ማወቅ የሚጠቅመው በለጋነቱ፣ በካሮት አምሳል ሳለ ነው። ካበበ በኋላ መንቀል ዘሩን እንደ መበተን ይቆጠራል፤ ነቃዩም እጁን ሳይሸፍን ሊነካው አይገባም። በሰፊው ግጦሽ ላይ ግን የእጅ ሥራ አይበቃምና ሌላ ብልሃት ተፈለገ። በሜክሲኮ ይህን አረም የሚበላ ዚጎግራማ የተባለ ጢንዚዛ አለ፤ ሕንድም ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጠቅማበታለች። ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ ዋናው ሥጋት የአረሙ ዘመድ የሆነው ኑግ ነበር፤ ኑግ የአገሩ ዘይት ነውና፣ ጢንዚዛው ወደ እርሱ ቢዞር መድኃኒቱ ከበሽታው በባሰ ነበር። ስለዚህ በአምቦ በተዘጋ ቤት ውስጥ ለብቻው ተይዞ በኑግና በሌሎችም ሰብሎች ላይ ተፈተነ። ፈተናውን ካለፈ በኋላ በ2016 እ.ኤ.አ. በወለንጪቲ አካባቢ ተለቀቀ። ጢንዚዛው የሚበላው ቅጠሉን ነው፤ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ዝናብ የሚጠብቀውን ዘር ግን አይነካውም።