የመስተዋቱ ድምፅ
የቫልቭ ቅያሬ በጊታር ማጉያ ታሪክ ውስጥ

የሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ ስማቸው የሚነሣው የዜማ ደራሲው፣ የድምፃዊውና የመሣሪያ ተጫዋቹ ነው። ድምፁ ያለፈበት ዕቃ ግን ሳይጠራ ይታለፋል። ይሁን እንጂ የበገናን ድምፅ ጠንቅቆ የሰማ ሰው፣ በዕቃው ላይ የምትደረግ ጥቂት ለውጥ ምን ያህል ኃይል እንዳላት አይስተውም። በጅማቱና በብርኩማው መካከል የምትገባው ትንሽ ቍራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የምትባለው፣ ከስፍራዋ ብትነሣ ያ የሚነዝረውና የሚያጕተመትመው ድምፅ አብሯት ይጠፋል። ጅማቱ ያው ነው፤ የደርዳሪው ጣትም ያው ነው፤ ድምፁ ግን ሌላ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የደረሰውም ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በዚያ የእንዚራዋን ቦታ የያዘው ቫልቭ ነበር።

ለመሆኑ ቫልቭ ምንድን ነው? በመልኩ አምፑል የሚመስል፣ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስተዋት ዕቃ ነው። በመካከሉ ያለው ብረት ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ በዙሪያው የቆመው ሌላ ብረት ይቀበላቸዋል። ይህን ባለ ሁለት ብረት ዕቃ እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 ሠራው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) በ1906 ደግሞ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በሁለቱ መካከል እንደ ወንፊት ያለ ሦስተኛ ሽቦ ጨመረበት። ታሪክ የተለወጠው በዚህ ወንፊት ነው። ወደ ወንፊቱ የምትደርሰው ደካማ ኤሌክትሪክ ትልቁን የኤሌክትሮን ፍሰት እንደ በር ጠባቂ ትከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች፤ ከዚህም የተነሣ ሹክሹክታው ጩኸት ይሆናል። በ1915 ከኒው ዮርክ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ በስልክ ለመነጋገር የተቻለው በዚህ ዕቃ ኃይል ነው። ራዲዮውም፣ ድምፅ ያለው ሲኒማም ተከትለው መጡ።

ነገር ግን ቫልቭ እንደ ሻማ ነድዶ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ስለዚህ በሽቦ ተበይዶ አይቀርም፤ በእግሮቹ ተሰክቶ ይቆማል፣ ሲደክምም ተነቅሎ በሌላ ይተካል። ሠሪዎቹ ይህን ያሰቡት ለጥገና እንጂ ለጣዕም አልነበረም። ዳሩ ግን አንድ ዓይነት ዘጠኝ እግር ያላቸው፣ በአንድ መሰኪያ የሚገቡ ትናንሽ ቫልቮች በኃይላቸው ይለያያሉ። 12 ኤ ኤክስ 7 የሚባለው፣ አውሮፓውያን ኢ ሲ ሲ 83 የሚሉት፣ የማጉላት መጠኑ 100 ነው፤ 12 ኤ ዋይ 7 ግን ወደ 44 ገደማ ብቻ ነው። አንዱን ነቅሎ ሌላውን መሰካት ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ቢሆንም፣ የዘመኑን ሙዚቃ ለመለወጥ በቅቷል።

ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ፣ በፉለርተን ከተማ፣ በ1938 የራዲዮ መጠገኛ ቤት የከፈተ ሰው ነበር። በኋላ ጊታርና ማጉያ መሥራት ጀመረ። በ1950ዎቹ ያወጣው ባስማን የተባለ ማጉያ ለባስ ጊታር የታሰበ ሲሆን፣ በመጀመሪያው መሰኪያ 12 ኤ ዋይ 7፣ በኃይል ክፍሉም 5881 የተባሉ የአሜሪካ ቫልቮች ነበሩበት። የለንደን ወጣት ሙዚቀኞች ይህን ማጉያ አጥብቀው ይመኙት ነበር፤ ይሁን እንጂ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም።

በምዕራብ ለንደን፣ በሃንዌል፣ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር የነበረው ጂም ማርሻል ይህን ችግር አየ። በ1962 ኬን ብራንና ደድሊ ክሬቨን ከተባሉ ባልደረቦቹ ጋር ባስማንን መነሻ አድርጎ ጄ ቲ ኤም 45 የተባለውን ማጉያ ሠራ። የሽቦው አዘረጋግ ከአሜሪካው እምብዛም አይለይም ነበር። ነገር ግን በ12 ኤ ዋይ 7 ቦታ ኢ ሲ ሲ 83 ገባ። የኃይል ቫልቮቹም በመጀመሪያ 5881 ሲሆኑ፣ ቀጥሎ የእንግሊዙ ኬ ቲ 66፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ኢ ኤል 34 ተተኩባቸው። ምርጫው የተመራው በአብዛኛው በሚገኘውና በሚቀርበው ዕቃ ነበር። ሥዕሉ አንድ ሆኖ ቀለሙ ሌላ ሆነ። እርግጥ ነው፣ ድምፅ ማውጫዎቹና ትራንስፎርመሮቹም ስለተለወጡ ለውጡን ሁሉ ለቫልቭ ብቻ መስጠት ሚዛን የጐደለው ፍርድ ይሆናል።

ውጤቱስ ምን ሆነ? የመጀመሪያው ቫልቭ ይበልጥ ስለሚያጐላ፣ ተከታዩ ቶሎ ከአቅሙ በላይ ይጫናል። የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይደፈጠጣል፤ ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች ረቂቅ ድምፆች ይወለዳሉ። መሐንዲሶች ይህን መዛባት ይሉታል፤ ሊያጠፉትም ይደክሙ ነበር። በ1966 ግን ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜዮል ቡድን ጋር ሸክላ ሲቀርጽ፣ በመድረክ እንደሚያደርገው ማርሻሉን እስከ ጥግ ከፍቶ ተጫወተ። ጊታሩ እንደ ሰው ጕሮሮ ሻከረ፣ ረዝሞም አለቀሰ። ጕድለት ይባል የነበረው በዚያን ጊዜ ቋንቋ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በችግር የተጀመረው ቅያሬ በፈቃድ የሚደረግ ሆነ። ዛሬ የብላክበርኑን የሙላርድ ፋብሪካ አሮጌ ቫልቭ በውድ ዋጋ የሚያፈላልጉ ሰዎች አሉ። እዚህ ላይ እውነትን ከተረት መለየት ይገባል። የዓይነት ልዩነት በመሣሪያ ይለካል፤ ጆሮም ያውቀዋል። አንድ ዓይነት ሆነው ከተለያየ ፋብሪካ በወጡት መካከል ያለው ልዩነት ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ የከፈሉት ገንዘብም ለጆሮ ይናገራል። ከዚህም ሌላ የኃይል ቫልቭ ሲለወጥ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ እንደገና መስተካከል አለበት፤ ማጉያው ከጠፋም በኋላ በውስጡ ገዳይ ቮልት ሊቀር ስለሚችል ሥራው የባለሙያ ነው።

ትራንዚስተር በ1947 ከተፈለሰፈ በኋላ የምዕራቡ የቫልቭ ፋብሪካዎች ተራ በተራ ተዘጉ። በየጠረጴዛው ተቀምጠው የቀጠነውን ሽቦ በጣታቸው ያሰናዱ የነበሩት፣ አብዛኞቹም ሴቶች የሆኑት ሠራተኞች፣ የእጅ ዕውቀታቸውን ይዘው ተበተኑ። ሥራው በጥቂት ቦታዎች፣ በተለይም በሩሲያዋ ሳራቶቭ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ቀረ። በመጋቢት 2022 በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ከሩሲያ የሚወጣው ቫልቭ ለጊዜው በታገደ ጊዜ፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ጊታረኞች የሚወዱት ድምፅ በስንት ፋብሪካ ላይ እንደቆመ በድንጋጤ ተረዱ።

እንግዲህ የአንድ ዘመን ድምፅ ከሙዚቀኛው ነፍስ ብቻ አይወለድም፤ ከገበያው፣ ከወደቡና ከሠራተኛው ጣትም ይወለዳል። በሸክላው ሽፋን ላይ የዘፋኙን ስም እናነባለን፤ ድምፁ በየትኛው ማጉያ እንዳለፈ የሚነግረን ግን እምብዛም ነው። ቅርስ የሚመዘግብ ሁሉ ከዜማው ጋር ዕቃውንም ይመዝግብ፤ ሠሪው ካለፈ በኋላ መስተዋቱ ቢገኝም ምስጢሩን የሚናገር አይገኝምና።